የዌብ ዴቨሎፐሮች ዝግጅት ከከተማው ዳር ሆኖ ሲታይ፦ የቱ ያዋጣል?

ቴሌግራም ላይ ፖስተሩ ይለቀቃል፤ የሪአክት (ድረ ገጽ የሚሠራበት የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) አርማ፣ የተናጋሪዎች ፎቶ፣ ጥግ ላይ «መግቢያ በነፃ»። ቦሌ ወይም ሜክሲኮ አካባቢ ለሚኖር ሰው ጥያቄው ልሂድ ወይስ ልተኛ ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ ወይም ሰበታ ለሚኖር ዴቨሎፐር ግን «በነፃ» የሚለው ስለ በሩ ብቻ ነው የሚናገረው። የታክሲው፣ የምሳውና የቅዳሜው ሂሳብ ሌላ ነው። ቅዳሜ ደግሞ በኮንዶሚኒየም ኑሮ ውሃ በፈረቃ የሚጠበቅበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ለቅሶ የሚደረስበት ቀን ነው።

እኔ ዝግጅት የምመርጠው በአንድ ጥያቄ ነው፦ በአካል ካልተገኘሁ የማላገኘው ነገር ምንድነው? ስለ አዲስ የዌብ ቴክኖሎጂ የሚሰጥ ንግግር ዞሮ ዞሮ ዩቲዩብ ላይ ይገኛል፤ ባይቀረጽ እንኳ የተሻለ ንግግር በዚያው ርዕስ ላይ ሌላ ሰው ሰጥቶታል። ዩቲዩብ ላይ የማይገኘው፣ አልሠራ ያለውን ኮዳችሁን ስክሪናችሁ ላይ አይቶ «ይሄን መስመር አውጣውና ሞክረው» የሚላችሁ ሰው ነው። ያሉት አማራጮች ከሞላ ጎደል አራት ናቸው፤ ከከተማው ዳር ለሚነሳ ሰው ደግሞ በጣም ይለያያሉ።

ትልቁ የሙሉ ቀን ዝግጅት

ብዙ ሰው የሚያውቀው ዴቭፌስትን ነው። የጉግል ዴቨሎፐር ግሩፖች የሚያዘጋጁት ሲሆን በዓለም ዙሪያ ወቅቱ ባብዛኛው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ የየከተማው ግሩፕ የራሱን ቀን ይቆርጣል። አዲስ አበባም የራሷ ግሩፕ አላት። ሌላው፣ ግንቦት አካባቢ ካሊፎርኒያ ውስጥ ማውንቴን ቪው ላይ የሚካሄደው ጉግል አይኦ (የጉግል ዓመታዊ የዴቨሎፐሮች ጉባኤ) ካለፈ በኋላ በየአገሩ የሚደረገው «አይኦ ኤክስቴንድድ» ነው፤ እዚያ የተነገረው እዚህ ተጨምቆ ይቀርባል።

ጠባዩ ይታወቃል። ጠዋት ምዝገባ፣ የስፖንሰር ንግግር፣ ከዚያ 30 እና 40 ደቂቃ የሚፈጁ ንግግሮች በተከታታይ፣ በመሃል ሻይ፣ ማብቂያው ላይ የቡድን ፎቶ። በ40 ደቂቃ ውስጥ ሪአክት ሰርቨር ኮምፖነንት (ሰርቨር ላይ ብቻ የሚሮጥ የገጽ ክፍል) የሚባል ነገር እንዳለና ለምን እንደመጣ ትሰማላችሁ፤ ትማሩታላችሁ ማለት ግን አይደለም። ለመማር ብቻ ብላችሁ ከሆነ ከሱሉልታ ድረስ መምጣቱን አልመክርም። ለቲሸርቱና ለሰርተፍኬቱ ከሆነም ያው ነው፤ ቲሸርቱ ደግሞ ከምሳ በፊት ያልቃል።

ሥራ ለሚፈልግ ሰው ግን ሂሳቡ ይገለበጣል። እዚህ ከንግግሩ ይልቅ የሻይ ሰዓቱ ይጠቅማል። ቀጣሪው፣ የስታርትአፕ መሥራቹ፣ እናንተ ልትገቡበት የምትፈልጉት ድርጅት ውስጥ የሚሠራው ሰው ሁሉም በረንዳው ላይ ብስኩት ይዞ ይቆማል። ሲቪ ማደል አያስፈልግም፤ የሠራችሁትን ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ ማሳየት ይበቃል። አዳራሹ ውስጥ ኔትወርክ እንደሚጨናነቅ አስባችሁ ሥራችሁ ያለ ኢንተርኔትም እንዲከፈት አድርጋችሁ ኑ። ሰርቪስ ወርከር (ገጹን ብራውዘር ውስጥ አስቀምጦ ያለ ኔትወርክ እንዲከፈት የሚያደርግ ስክሪፕት) ለዚህ ነው፤ ያውም ሳትናገሩ ችሎታችሁን ይናገርላችኋል።

ከመመዝገባችሁ በፊት ካርታ ክፈቱ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የሚሠራው ቀላል ባቡር አንዱ መስመሩ ከአያት ተነስቶ በመገናኛ፣ በስታዲየምና በሜክሲኮ አድርጎ ጦር ኃይሎች ይደርሳል፤ ሌላው ከቃሊቲ ወደ መሃል ከተማ ይወጣል። ስለዚህ የአያት፣ የአራብሳና የየካ አባዶ ሰው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካለ አዳራሽ ይልቅ ሜክሲኮ ያለው ይቀለዋል። የቱሉ ዲምቱና የኮዬ ሰው እስከ ቃሊቲ በታክሲ ሄዶ ባቡር መያዝ ይችላል። ከሱሉልታ በአዲሱ ገበያ፣ ከቡራዩ በአስኮ፣ ከሰበታ በዓለም ገናና በአየር ጤና የሚገባው ግን ከታክሲና ከአውቶቡስ ሌላ ምርጫ የለውም። በጊዜ ያልተሰለፈ የመክፈቻ ንግግሩን ይርሳው (ብዙም አይጎዳም)።

ሰዓቱንም ጠይቁ። ፖስተሩ በእንግሊዝኛ ተሠርቶ «3:00» ሲል በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ ሦስት ይሁን በፈረንጅ ሰዓት ከቀኑ ዘጠኝ አይታወቅም። አዘጋጁ ግልጽ ስለሚመስለው አይጽፈውም። መሃል ከተማ ለሚኖር ሰው ስህተቱ አንድ ማኪያቶ ነው፤ ከሰበታ ለመጣ ሰው ግማሽ ቀን ነው።

የምሽቱ ሚትአፕ

ከሥራ በኋላ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተጀምሮ ማታ 2 ሰዓት ላይ የሚያልቅ፣ 20 እና 30 ሰው የሚገኝበት ስብሰባ ነው። በይዘት ከትልቁ ዝግጅት ይሻላል፤ ሰው ትንሽ ስለሆነ ተናጋሪውን አቋርጦ መጠየቅ ይቻላል፣ ከፕሮጀክት የወጣ እውነተኛ ችግርም እዚህ ነው የሚነገረው። ችግሩ መመለሻው ነው። በዚያ ሰዓት ወደ ዳር የሚሄድ ታክሲ ይሳሳል፤ በራይድ ወይም በፈረስ እስከ ኮዬ ሲታሰብ ደግሞ ዋጋው የሚያስኬድ አይሆንም። መሃል ከተማ የምትሠሩ ከሆነና ከቢሮ ቀጥታ የምትሄዱ ከሆነ፣ ከዚያም ወደ እናንተ አቅጣጫ የሚሄድ ሰው ቀድማችሁ ካገኛችሁ፣ ሂዱ። ሴቶች ከሆናችሁ የመመለሻውን ሰው ከመሄጃው በፊት አግኙ። ቤት ውላችሁ ለሚትአፕ ብቻ ከዳር መውጣት ግን አይመከርም።

ወርክሾፕ፣ በተለይ ዳር ላይ ያለው

የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። ዳር ላይ ነን እንጂ ባዶ ሜዳ ላይ አይደለንም። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለቱሉ ዲምቱና ለኮዬ ሰው ከቦሌ በጣም ይቀርባል። ጎሮ ያለው አይሲቲ ፓርክም ለአያትና ለአራብሳ ወገን የራቀ አይደለም። የካምፓስ ዴቨሎፐር ግሩፖች አንዳንዴ ለውጭ ሰው ክፍት የሆነ ወርክሾፕ ያዘጋጃሉ፤ ማስታወቂያው ግን ብዙ ጊዜ ከተማሪዎቹ ቻናል አልፎ አይወጣም። የቅርባችሁን ካምፓስ ቻናል መቀላቀል የመጀመሪያው ሥራ ይሁን።

ግቢ ውስጥ የሚደረግ ነገር የራሱ ሥርዓት አለው። በር ላይ እንዲህ ነው የሚሆነው፦

«ጋሼ፣ ለስልጠናው ነው የመጣሁት።»

«ስምህ ዝርዝሩ ላይ አለ? መታወቂያህን አምጣ እስቲ። ላፕቶፑን አውጣና ገልብጠው።»

ጥበቃው የላፕቶፑን ሴሪያል ቁጥር መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ ስትወጡ ያመሳክራል። ያረጀ ላፕቶፕ ከሆነ ተለጣፊው ተፍቆ ቁጥሩ አይነበብም፤ ጥበቃው ወደ ፀሐይ ዞሮ አንዴ ራቅ አንዴ ቀረብ እያደረገ ሲሞክር ከኋላ ያለው ሰልፍ ይረዝማል። ቁጥሩን ቤት ሆናችሁ ከሲስተሙ ውስጥ አውጥታችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉት። መታወቂያም አትርሱ።

ወርክሾፕ ከንግግር የሚለየው ስትወጡ በእጃችሁ የሚሠራ ነገር መኖሩ ነው። ይሄ የሚሆነው ግን ተዘጋጅታችሁ ከሄዳችሁ ነው። አርባ ሰው አንድ ዋይፋይ ላይ ሆኖ እኩል «ኤንፒኤም ኢንስቶል» (ለፕሮጀክቱ የሚያስፈልጉትን ፓኬጆች የሚያወርደው ትእዛዝ) ሲል የመጀመሪያው ሰዓት እዚያው ያልቃል። የሚጫነውን ዝርዝር ከአዘጋጁ ጠይቃችሁ ዋዜማውን ጫኑት፤ ፕሮጀክቱን አንዴ አስነስታችሁ መሥራቱን እዩ። ዳታ ለመቆጠብ የኤንፒኤም ምትክ የሆነው ፒኤንፒኤም ጥሩ ነው፤ አንዴ ያወረደውን ፓኬጅ በአንድ ቦታ አስቀምጦ ለሌሎች ፕሮጀክቶችም ስለሚጠቀምበት ደግሞ አያወርድም። ባትሪው ሁለት ሰዓት የማይቆይ ላፕቶፕ ያለው ሰው ዲቫይደር ይዞ ይምጣ፤ ሶኬት አጠገብ የተቀመጡት ሁሉ ወዳጆቹ ይሆናሉ።

የትኛው ርዕስ ጉዞ ይገባዋል?

«አዲስ የዌብ ቴክኖሎጂ» የሚለው ርዕስ ብዙ ነገር ይጠቀልላል፤ ሁሉም እኩል መንገድ አይገባውም።

የሲኤስኤስ (የገጹ መልክ የሚጻፍበት ቋንቋ) አዳዲስ ነገሮች፣ ለምሳሌ ኮንቴይነር ኩዌሪ (የገጽ ክፍል በያዘው ሳጥን ስፋት ልክ መልኩን የሚቀይርበት) ወይም «ሃዝ» የሚባለው ሰሌክተር (ኤለመንትን ውስጡ በያዘው ነገር የሚመርጥ)፣ ቤት ተቀምጦ በአንድ ከሰዓት የሚነበቡ ናቸው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2023 በዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ሁሉ ተሟልተዋል። ጉግል በዚያው ዓመት ያስተዋወቀው ቤዝላይን የሚባለው ምልክት ደግሞ አንድ ነገር ክሮም፣ ኤጅ፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ ላይ መግባቱን ይነግራችኋል፤ በሁሉም ከገባ ከ30 ወር በኋላ «በሰፊው የሚሠራ» ይባላል። የዚህን ንግግር ለመስማት ታክሲ አትያዙ።

ዌብአሴምብሊ (በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ኮድ ብራውዘር ላይ በፍጥነት የሚሮጥበት) እና ዌብጂፒዩ (ገጹ የግራፊክስ ካርዱን እንዲጠቀም የሚያደርግ) ለማየት ደስ ይላሉ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ የዌብ ደረጃዎችን የሚያወጣው የደብሊውሥሪሲ ደረጃ ሆኗል፤ ሁለተኛው በ2023 ክሮም ላይ ገብቷል። የሚበዛው የእኛ ሥራ ግን የሱቅ ድረ ገጽ፣ የሆስፒታል ቀጠሮ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ቪዲዮውን እዩ፣ ይበቃል።

ሪአክት 19 እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ሲወጣ ሰርቨር ኮምፖነንት የተረጋጋ አካሉ ሆኖ መጣ። ይሄ ቀላል ለውጥ አይደለም፤ የትኛው ኮድ ሰርቨር ላይ፣ የትኛው ስልክ ላይ እንደሚሮጥ ማሰብን ይጠይቃል፤ ብቻውን የሚማር ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠፋው እዚህ ነው። ሥራችሁ በኔክስት (ሪአክት ላይ በተሠራው ፍሬምወርክ) የሚሠራ ከሆነ ወርክሾፑ ይገባዋል። በላራቬል ወይም በጃንጎ (በፒኤችፒና በፓይተን ፍሬምወርኮች) የምትሠሩ ከሆነ ግን ፖስተሩ አያሸብራችሁ፤ እንጀራችሁ አልተነካም።

ከሁሉ በላይ መንገድ የሚገባው የፍጥነት ወርክሾፕ ነው ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2024 ጀምሮ የጉግል የገጽ ጥራት መለኪያዎች ውስጥ አይኤንፒ የሚባለው፣ የመጀመሪያውን ንክኪ መዘግየት ብቻ ይለካ የነበረውን ኤፍአይዲ ተክቷል። የሚለካው ሰው ቁልፍ ሲነካ ገጹ ዓይን የሚያየው ምላሽ እስኪሰጥ የሚፈጀውን ጊዜ ነው፤ እስከ 200 ሚሊ ሰከንድ ጥሩ፣ ከ500 በላይ መጥፎ ይባላል። በእናንተ ላፕቶፕ ላይ ጥሩ የሆነ ገጽ ደንበኛው በያዘው ርካሽ ቴክኖ ላይ ሲነካ ዝም ሊል ይችላል፤ ደንበኛው ያልሠራ ይመስለውና «ክፈል» የሚለውን ደግሞ ይነካዋል። ወደ እንዲህ ዓይነት ወርክሾፕ ስትሄዱ የራሳችሁን ገጽ፣ ያንን ርካሽ ስልክና የዩኤስቢ ገመዱን ይዛችሁ ሂዱ። ስልኩን ከላፕቶፑ ጋር አያይዛችሁ በክሮም የዴቨሎፐር መሣሪያ ስትመዘግቡት፣ ቁልፉ ሲነካ የትኛው ፈንክሽን መንገዱን እንደዘጋው በቀለም ተለይቶ ይታያል። አሠልጣኙ አጠገባችሁ ቆሞ «ይሄ ረጅሙ ቢጫ የማነው?» ሲላችሁ የምትማሩትን ከቪዲዮ አታገኙትም።

ሌላው በአካል የሚያዋጣው የእኛን ነገር የነካ ርዕስ ነው። ጃቫስክሪፕት ላይ የቀን አያያዝን ከሥሩ የሚቀይረው ቴምፖራል እ.ኤ.አ. በ2025 ፋየርፎክስ ላይ ገብቷል፤ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል። ለውጭ ተናጋሪ ይሄ ከስላይዱ ግርጌ የሚቀር ነገር ነው። የዕቁብ ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ ሲስተም ሠርቶ ጳጉሜን ላይ «ወር ከ1 እስከ 12 መሆን አለበት» የሚል ስህተት ያየ ሰው ግን ጥያቄው ብዙ ነው፦ ዳታቤዙ ውስጥ በየትኛው አቆጣጠር ይቀመጥ? ተጠቃሚው ቀን ሲመርጥ የትኛው ይታየው? የግዕዝ ፊደል ፎንትም እንደዚሁ ነው፤ ከ300 በላይ ፊደልና ምልክት ስላለው ሙሉውን ፎንት ቀርፋፋ ኔትወርክ ላይ መጫን ገጹን ያዘገየዋል፣ ቆርጦ የሚያስፈልገውን ብቻ መላክ ደግሞ ልምድ ይፈልጋል። እነዚህን በእጁ የሞከረ የአገር ሰው ተናጋሪ ሆኖ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ካለ፣ የሩቁንም ዝግጅት ቢሆን ሂዱ።

ቤት ሆኖ ማየት፣ ወይም ኮሚናል ተሰብስቦ

ጉግል አይኦ በካሊፎርኒያ ከጠዋቱ 10 ሰዓት ላይ ሲከፈት በእኛ ማታ 2 ሰዓት ነው። ለቤት ይመቻል፤ ግን ቀጥታ ማየቱ የሚያስገኘው ነገር አይታየኝም። ዩቲዩብ በ480ፒ በሰዓት ግማሽ ጊጋ ገደማ ይበላል፣ በ720ፒ እጥፍና ከዚያ በላይ። የሁለት ሰዓት መክፈቻ ውስጥ የዌብ ነገር ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ስለ ሌላ ምርት ነው። በማግስቱ የዌቡን ክፍል ብቻ መርጦ በአንድ ተኩል ፍጥነት ማየት ዳታም እንቅልፍም ያተርፋል። ያንኑ ነገር የክሮም ቡድን በጽሑፍ ያወጣዋል፤ ጽሑፍ ዳታ አይበላም ማለት ይቻላል፣ መብራት ሄዶ ሲመጣም ካቆማችሁበት ይጠብቃችኋል።

ብቻ ማየት ግን ይሰለቻል። በየኮንዶሚኒየሙ ኮድ የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ ኮሚናሉ ለሠርግና ለዕድር ብቻ አይደለም። አምስት ሰው ሆናችሁ፣ አንዱ ቪዲዮውን ቀድሞ አውርዶ፣ አንዱ ቤት ያለ ቴሌቪዥን በኤችዲኤምአይ ተያይዞ፣ በየአሥር ደቂቃው እያቆማችሁ የታየውን ብትሞክሩ፣ ከብዙ ንግግሮች የበለጠ ትይዛላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ይኑር፦ ኮዱን ከዋዜማው ሞክሮ የመጣ አንድ ሰው። እሱ ከሌለ ነገሩ ወደ ቡና ይዞራል። (ያም መጥፎ አይደለም፣ ግን ወርክሾፕ አትበሉት።)

ለማን የቱ?

ገና ኤችቲኤምኤል የጀመረ ሰው ከነዚህ የትኛውም አይቸኩልበት። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሃ ግብር ውስጥ የዌብ ፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ትምህርት በነፃ አለ። እሱን ጨርሶ አንድ ገጽ በራሱ ከሠራ በኋላ ወርክሾፕ ቢገባ ጥያቄ ይዞ ይገባል። የመጨረሻ ዓመት ተማሪና ሥራ ፈላጊ በዓመት አንድ ትልቅ ዝግጅት ይምረጥና ለሱ ይዘጋጅ፤ ሦስት አራቱን መዞር ያው ፊቶችን ደግሞ ማየት ነው። ሥራ ያለው ሰው ወርክሾፕ እየመረጠ ይሂድ፣ ሌላውን ያንብብ። ከቤት ሆኖ ለውጭ ደንበኛ የሚሠራ ፍሪላንሰር ግን ከሁሉም ይልቅ ሰው ይርበዋል፤ ለሱ ኮሚናሉም ሚትአፑም እኩል ያስፈልጉታል፣ የመመለሻው ነገር እንደተባለው ሆኖ።

ከተመዘገባችሁና መቅረታችሁን ካወቃችሁ ሰርዙ። ነፃ ዝግጅት ላይ ብዙ ሰው ስለሚቀር አዘጋጆች ከወንበሩ በላይ ይመዘግባሉ፤ ከዚያ ሁሉም የመጣ ቀን ከሩቅ የመጣው ነው ቆሞ የሚውለው።

ወርክሾፑን ወደ ሰፈራችሁ ማምጣትም ይቻላል። የማኅበረሰብ ግሩፖች ሁልጊዜ የሚያጥራቸው ቦታ ነው፤ ተናጋሪ አያጡም። ቅዳሜ ክፍት የሆነ የኮምፒውተር ክፍል ያለው ኮሌጅ ወይም ትምህርት ቤት በአካባቢያችሁ ካለ፣ ርዕሰ መምህሩን ወይም ዲኑን አናግራችሁ ፈቃዱን በጽሑፍ ይዛችሁ ለግሩፑ ጻፉ። ስንት ወንበር፣ ስንት የሚሠራ ሶኬት፣ ፕሮጀክተሩ በየትኛው ገመድ እንደሚገናኝ፣ ከየትኛው ፌርማታ ስንት ደቂቃ በእግር እንደሆነ አብራችሁ ግለጹ። የጄኔሬተሩን ነዳጅ ማን እንደሚችል ደግሞ ከቀኑ በፊት ተነጋገሩ።